ሻጋታ ግት ውስጥ ሲገባ

የእናት በግ ግት ለሁለት የተከፈለ ነው። እያንዳንዱ ግማሽ የራሱ የወተት ዕጢ፣ የራሱ ማጠራቀሚያና አንድ ጡት አለው፤ በመካከል ያለው ግድግዳ የአንዱ ወተት ወደ ሌላው እንዳይሻገር ይለያቸዋል። በዚህ የተነሳ አንዱ ግማሽ ታሞ ሌላው ንጹሕ ወተት ሲሰጥ ይታያል። ላም አራት ጡት ስላላት አንዱ ቢጠፋባት ሦስት ይቀሯታል። በግ ግን አንዱን ስታጣ የወተቷ ግማሽ ይሄዳል፤ መንታ ከወለደች ደግሞ ከግልገሎቿ አንዱ የሚጠባው ያጣል።

ከውጭ ወደ ግቱ የሚያስገባው መንገድ በጡቱ ጫፍ ላይ ያለው ጠባብ ቦይ ነው። ቦዩን ክብ ጡንቻ አጥብቆ ይይዘዋል፤ ውስጡንም ኬራቲን የሚባለው፣ ቀንድና ሰኮና የሚሠሩበት ፕሮቲን ይለብሰዋል። በጓ ከታለበች በኋላ ቦዩ ተመልሶ እስኪጠብብ ጥቂት ጊዜ ይወስዳል፤ በእነዚያ ደቂቃዎች እበት ላይ ወይም እርጥብ ጉዝጓዝ ላይ ከተኛች በሽታ በቀላሉ ይገባባታል። ግቷ ሲነጥፍ ደግሞ ኬራቲኑ ተጠራቅሞ ቦዩን የሚደፍን ውታፍ ይሆናል። ያ ውታፍ ሳይነካ ከቆየ የነጠፈ ግት ከብዙ ጀርም የተጠበቀ ነው።

ይህን በር አልፎ የሚገባ ጀርም ግቱን ያስቆጣዋል። አርቢዎች የጡት በሽታ፣ ሐኪሞች የግት ብግነት የሚሉት ይኸው ነው። በበጎች ዘንድ ዋነኞቹ ምክንያቶች ባክቴሪያዎች ናቸው፤ ስታፊሎኮከስ ኦውሬስና ማንሃይሚያ ሄሞሊቲካ በአንድ ሌሊት ግትን አጥቁረው እናቲቱን ሊገድሉ የሚችሉ ሲሆኑ፣ ሌሎች የስታፊሎኮከስ ዘመዶች ደግሞ ሳይታወቁ ወተት እየቀነሱ ይኖራሉ። ፈንገስ ከእነዚህ ሁሉ በኋላ የሚመጣ፣ ብዙ የእንስሳት ሐኪም በሥራ ዘመኑ በበግ ላይ ላያየው የሚችል ምክንያት ነው። ይሁንና ሲመጣ ብቻውን አይመጣም። በአንድ መንጋ ውስጥ በርካታ በጎችን በአንድ ወቅት ይይዛል፣ በተለመደው መድኃኒት አይመለስም፣ መነሻው ሲጣራም አብዛኛውን ጊዜ ሊያክም የተዘረጋ የሰው እጅ ሆኖ ይገኛል።

የፈንገሶቹ ማንነት

ግትን የሚያጠቁ ፈንገሶች በሁለት ወገን ይከፈላሉ። አንደኛው ወገን በአንድ ሴል የሚኖሩት እርሾዎች ናቸው፤ ካንዲዳ የተባለው ቤተሰብ ከእነዚህ ዋነኛው ነው። ካንዲዳ በእንስሳት ቆዳ፣ በአንጀት፣ በአላቢው እጅና በማለቢያ መሣሪያው ጎማ ላይ ሁልጊዜም አለ። በግት ውስጥ የሚያስከትለው ብግነት ብዙ ጊዜ መለስተኛ ነው፤ በላሞች ላይ እንደታየው ግቱ ደጋግሞ እየታለበ ከተተወ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በራሱ የሚጠፋበት ጊዜ አለ። ከእርሾዎቹ መካከል ክፉው ክሪፕቶኮከስ ኒዮፎርማንስ ነው። በእርግብ ኩስ በተበከለ አፈርና ብናኝ ውስጥ ይገኛል፤ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ላይ በአሜሪካ በአንድ ትልቅ የወተት ላሞች መንጋ ውስጥ ገብቶ ከባድ የግት በሽታ አድርሷል። ሰውንም ያማል፤ በተለይ የበሽታ መከላከል አቅሙ በተዳከመ ሰው ላይ የአንጎል ሽፋንን ያስቆጣል።

ሁለተኛው ወገን ክር እየዘረጉ የሚያድጉት ሻጋታዎች ናቸው። በበግ ግት ታሪክ ውስጥ ከፍተኛውን ጉዳት ያደረሰው ከእነዚህ አንዱ የሆነው አስፐርጊለስ ፉሚጋተስ ነው። ጀርመናዊው ሐኪም ጌኦርግ ፍሬዜኒየስ በ1863 እ.ኤ.አ. የገለጸው ይህ ሻጋታ የሚኖረው በበሰበሰ ዕፅዋት ላይ ነው፤ ሳይደርቅ በተከመረ ድርቆሽ፣ ዝናብ በመታው ጭድ፣ በሚግል የፍግ ክምር ውስጥ። ሙቀት አይበግረውም። ከ50 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ በሚግል ክምር ውስጥ ማደግ የሚችል ፍጡር 39 ዲግሪ አካባቢ የሆነው የበግ ሰውነት ይመቸዋል እንጂ አያስጨንቀውም። የሚራባበት ስፖር ስፋቱ ከ2 እስከ 3 ማይክሮሜትር ብቻ ነው፤ አንድ ሚሊሜትር ላይ ከሦስት መቶ በላይ ስፖር በሰልፍ ሊቆም ይችላል። አንድ እቅፍ የሻገተ ጭድ ሲራገፍ የሚነሳው ግራጫ ብናኝ በከፊል የዚህ ስፖር ደመና ነው።

ከእነዚህ ጋር ፕሮቶቴካ የተባለው ፍጡርም ይነሳል። ፕሮቶቴካ ግን ፈንገስ አይደለም፤ አረንጓዴ ቀለሙን ያጣ አልጌ ነው። በአንቲባዮቲክ አለመሸነፉና በምርመራ ሳህን ላይ እርሾ መምሰሉ ከፈንገሶቹ ጋር ስላቀራረበው ብዙ መጻሕፍት አብረው ያስቀምጡታል።

የማንጠፊያው ቀን

ለወተት የሚረቡ በጎች ከመውለዳቸው ሁለት ወር ገደማ ሲቀራቸው ማለባቸው ይቆምና ይነጥፋሉ። የበግ እርግዝና አምስት ወር ያህል ስለሆነ ይህ የመጨረሻው የእርግዝና ጊዜ ነው፤ ግቱም ለቀጣዩ ወተት ራሱን ያድሳል። ከ1960ዎቹ ጀምሮ በብሪታንያ የወተት ላሞች ላይ የተስፋፋ አንድ ልማድ አለ። ላሟ በምትነጥፍበት ቀን በእያንዳንዱ ጡት ቦይ በኩል ለረጅም ጊዜ የሚሠራ አንቲባዮቲክ ይጨመራል። ዓላማው ሁለት ነው፤ ውስጥ የቀረውን ጀርም መግደልና በድርቀቱ ወራት አዲስ እንዳይገባ መከላከል። ዘዴው በላም ላይ ጥሩ ውጤት ስላሳየ ወደ ወተት በጎችም ተሻገረ። ክሎክሳሲሊንን የመሰሉ መድኃኒቶች በዘይታማ ቅባት ተለውሰው፣ አፈ ቀጭን በሆነ የፕላስቲክ ቱቦ ታሽገው ይሸጣሉ።

ችግሩ የመጣው ዘዴው ከላም ወደ በግ ሲሻገር ነው። ቱቦው ለላም ጡት የተሠራ ስለሆነ አፉ ለበግ ጡት ይወፍራል፤ ሙሉ በሙሉ ተገፍቶ ሲገባ የቦዩን የኬራቲን ሽፋን ይልጠዋል። ከዚህም በላይ ላም በጥቂቱ ስትነጥፍ በጎች ግን በመቶ እየተቆጠሩ በአንድ ቀን ይነጥፋሉ። በጎቹ በአለባ መደርደሪያው ላይ በተርታ ቆመዋል፤ ከበላያቸው በመመገቢያው ገንዳ የተበተነው ጭድ አቧራው ገና አልሰከነም። ሠራተኛው የቱቦውን ክዳን በጥርሱ ነክሶ ይነቅላል፣ በግራ እጁ ጡቱን ይይዛል፣ የመድኃኒቱን ግማሽ ወደ አንዱ ይገፋል፣ ያንኑ አፍ አውጥቶ ወደ ሁለተኛው ጡት ያስገባል። መድኃኒት ለመቆጠብ ሲባል የተረፈው ለቀጣይዋ በግ የሚሰጥበት፣ ወይም ከትልቅ ጠርሙስ እየተቀዳ በአንድ ማስገቢያ ቱቦ ለመንጋው ሁሉ የሚዳረስበት ቦታም አለ። የጡቱን ጫፍ በአልኮል በተነከረ ጥጥ ለመጥረግ የሚበቃ ጊዜ የለም፤ ቢጠረግም በችኮላ ነው። በጡቱ ጫፍ ላይ ያረፈው ስፖር በቱቦው አፍ ተገፍቶ፣ ቦዩን አልፎ፣ ከመድኃኒቱ ጋር ወደ ማጠራቀሚያው ይደርሳል።

ስፔን ይህን በዝርዝር አስመዝግባለች። የካስቲያ ይ ሌዮን አውራጃ በአገሪቱ ትልቁ የበግ ወተት አምራች ነው፤ ቹራና ካስቴያና የተባሉት የአገሬው ዝርያዎች እንዲሁም ከእስራኤል የመጣው አሳፍ በብዛት ይታለባሉ። በ1998 እና በ2000 እ.ኤ.አ. በእንስሳት ሕክምና መጽሔቶች ላይ የወጡ የስፔን ጥናቶች በወተት በጎች ግት ውስጥ የአስፐርጊለስ ፉሚጋተስ በሽታ መታየቱን፣ በሽታውም ወደ ሌሎች የሰውነት ክፍሎች መዛመት መቻሉንና ከማንጠፊያ አንቲባዮቲክ ጋር ያለውን ግንኙነት ገልጸዋል። ጥፋቱ በመድኃኒቱ ኬሚካል ላይ የሚወድቅ አይደለም። ክሎክሳሲሊን የታዘዘለትን ባክቴሪያ ይገድላል፤ ሻጋታውን ያስገባው አሰጣጡ ነው።

አንቲባዮቲኩ ግን ሙሉ በሙሉ ነፃ አይወጣም። ፔኒሲሊንና ዘመዶቹ የሚያፈርሱት የባክቴሪያን የሴል ግድግዳ ነው፤ የፈንገስ ግድግዳ ደግሞ ከካይቲንና ከቤታ ግሉካን የተሠራ ስለሆነ መድኃኒቱ የሚነካው ነገር አያገኝም። ቴትራሳይክሊንም የባክቴሪያን ፕሮቲን መሥሪያ እንጂ የፈንገስን አይዘጋም። እንግዲህ መድኃኒቱ ከስፖሩ ጋር የሚሻሙትን ባክቴሪያዎች ጠርጎ ቤቱን ባዶ ያደርግለታል። በዚያ ላይ ግቱ ለሁለት ወር አይታለብም። በየቀኑ የሚታለብ ግት ውስጥ የገባ ጀርም ቢያንስ በከፊል ከወተቱ ጋር ይወጣል፤ በነጠፈ ግት ውስጥ የገባ ግን የሚያጥበው የለም፣ የሚያየውም የለም። አላቢው በጓን በሜዳ ለቋታል፤ ግቷን የሚዳስሰው ስትወልድ ነው።

ግቱ ውስጥ የሚሆነው

ስፖሩ ሲገባ መጀመሪያ የሚያገኙት በግቱ ውስጥ የሚዘዋወሩት ማክሮፋጅ የተባሉ ነጭ ሴሎች ናቸው። በጤነኛ እንስሳ እነዚህ ሴሎች ስፖሩን ውጠው ይፈጩታል፤ ሰውም ሆነ በግ በየቀኑ በመቶ የሚቆጠር ስፖር እየተነፈሰ የማይታመመው ለዚህ ነው። በአንድ ቱቦ አፍ ብዙ ስፖር በአንድ ጊዜ ሲገባ ግን የሚያመልጥ ይኖራል። ያመለጠው ስፖር ያብጣል፣ ያጎነቁላል፣ ከጥቂት ሰዓታት በኋላም ክር ያወጣል። ክሩ ከነጩ ሴል ስለሚረዝም ሊዋጥ አይችልም። ኒውትሮፊል የተባሉት ሌሎቹ ነጭ ሴሎች ግን በክሩ ላይ ተጣብቀው መርዛማ ቅመሞቻቸውን እየረጩ ይዋጉታል። ይህ ውጊያ በሌላ የሰውነት ክፍል ቢሆን ኖሮ የተሻለ ዕድል ነበረው፤ ግት ውስጥ ኒውትሮፊሎቹ የወተት ስብና ኬዚን የተባለውን የወተት ፕሮቲን እየዋጡ ስለሚጠግቡ ኃይላቸው ይቀንሳል። ሻጋታውም ዝም ብሎ አይመታም፤ ግሊዮቶክሲን የተባለ መርዝ እያመነጨ ነጭ ሴሎችን ያደክማል። በመውለጃው ሰሞን ደግሞ የእናቲቱ የመከላከል አቅም በተፈጥሮው ዝቅ ይላል።

ክሮቹ በወተት ዕጢው ሕብረ ሕዋስ ውስጥ እየሰረጉ ይሄዳሉ፤ የደም ሥር ሲያገኙ ግድግዳውን በስተው ይገባሉ። በደም ሥሩ ውስጥ ደም ይረጋል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሥጋ ደም አጥቶ ይሞታል። ሰውነት የሞተውን ሥጋና ሻጋታውን በአንድነት ለማጠር ይሞክራል፤ በዙሪያው ነጭ ሴሎች ይከማቻሉ፣ ብዙ ኒውክሊየስ ያላቸው ግዙፍ ሴሎች ይፈጠራሉ፣ በመጨረሻም ጠንካራ የጠባሳ ሽፋን ይሠራል። የሞተች በግ ግት ሲሰነጠቅ የሚታየው ይህ ነው። ስፖንጅ መሰል መሆን የነበረበት ሮዝ ሕብረ ሕዋስ ጠንክሮና ነጥቶ፣ ከጥቂት ሚሊሜትር እስከ ጥቂት ሴንቲሜትር በሚሰፉ እባጮች ተሞልቶ ይገኛል። እባጮቹ ሲቆረጡ መሐላቸው ቢጫ ወይም ግራጫ፣ ወፍራምና ደረቅ መግል ነው። ከግቱ በላይ ያሉት ንፍፊቶችም ያብጣሉ።

ወደ ደም የገባ የክር ቁራጭ ከግቱ ርቆ ይሄዳል። ሳንባ ብዙ ጊዜ የሚጎዳ ሲሆን ኩላሊትም አይቀርለትም፤ በእነዚያ አካላት ውስጥ ያንኑ ዓይነት እባጭ ይዘራል። በዚህ ጊዜ በሽታው የግት በሽታ መሆኑ ያበቃል።

ምልክቱና ምርመራው

የበሽታው ምልክት በአብዛኛው ከወሊድ በኋላ ባሉት ቀናትና ሳምንታት ይወጣል። ግልገሉ ይጮኻል፣ ጡቱን ደጋግሞ ይገጫል፣ ሆዱ ግን አይሞላም። እናቲቱ ግልገሏን ትሸሻለች፤ በኋላ እግሯ እያነከሰች የምትሄደው ግቷ ስለሚያማት ነው። ግቱ ሲዳሰስ አንዱ ወይም ሁለቱም ግማሽ ጠንክሯል፤ ጣት ጠለቅ ብሎ ሲጫን ኳስ ኳስ የሚል እባጭ ይገኛል። ከጡቱ የሚወጣው ውኃ የመሰለ ፈሳሽ ነው፤ ነጭ ወይም ቢጫ ቁራጭ ይንሳፈፍበታል፤ አንዳንዴም ምንም አይወጣም። ትኩሳት ሊኖርም ላይኖርም ይችላል። ሳንባዋ ከተነካ በጓ ትከሳለች፣ መብላት ትተዋለች፣ ትንፋሿ ይፈጥናል፣ ከመንጋው ወደ ኋላ ትቀራለች፤ የዚህ ደረጃ መጨረሻ ሞት ነው።

ከእነዚህ ምልክቶች አንዱም ለፈንገስ ብቻ የተሰጠ አይደለም። ማይኮፕላዝማ አጋላክሺዬ የተባለው ባክቴሪያ ወተት ያደርቃል። ሜዲ ቪስና የተባለው ቫይረስ ግቱን ያለ መግል ያጠነክራል፤ ሳንባንም ስለሚያጠቃ የከሳች በግ አይቶ ከፈንገስ በሽታ መለየት ከባድ ነው። በስታፊሎኮከስ የተነሳ አሮጌ እባጭም በእጅ ዳሰሳ ተመሳሳይ ነው። ወደ ፈንገስ የሚያመለክተው የነገሮች መገጣጠም ነው፤ በቅርቡ የማንጠፊያ መድኃኒት የተጨመረባቸው በጎች መሆናቸው፣ በአንድ ሰሞን በብዛት መታመማቸው፣ ሁለት ዓይነት አንቲባዮቲክ ተሰጥቶ ለውጥ አለመታየቱና ላቦራቶሪው «ምንም ባክቴሪያ አልበቀለም» ብሎ መመለሱ።

ይህ የመጨረሻው መልስ ብዙ ሰው ያሳስታል። ባክቴሪያ ለመፈለግ የተዘጋጀ የምርመራ ሳህን በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ታይቶ ይጣላል። ሻጋታ ሊበቅልበትና ሊለይበት የሚመቸው የሳቡሮ ማብቀያ ሲሆን ባክቴሪያውን የሚገታ እንደ ክሎራምፌኒኮል ያለ መድኃኒት ይጨመርበታል፤ ሳህኑም ለቀናት፣ አንዳንዴም ከሳምንት በላይ ይጠበቃል። አስፐርጊለስ ፉሚጋተስ በመጀመሪያ ነጭ ሆኖ ይወጣና በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ሰማያዊ የደባለቀ ግራጫ አረንጓዴ ዱቄት ይለብሳል። ካንዲዳ ለስላሳ፣ ክሬም የመሰለ ነጭ ክምር ይሠራል። ክሪፕቶኮከስ በጥቁር ቀለም ውስጥ በማይክሮስኮፕ ሲታይ በዙሪያው ያለው ወፍራም ሽፋን እንደ ብሩህ ቀለበት ጎልቶ ይወጣል።

የተቃራኒው ስሕተትም አለ። አስፐርጊለስ በየትኛውም በረት አየር ውስጥ ስላለ አንድ ስፖር ወደ ናሙናው ጠርሙስ ሊወድቅና ሳህኑ ላይ ሊበቅል ይችላል። ስለዚህ አንዲት የሻጋታ ክምር ብቻ አይቶ በሽታውን ማወጅ አይገባም። ናሙናው ሲወሰድ የጡቱ ጫፍ በ70 ፐርሰንት አልኮል ይጠረጋል፣ የመጀመሪያው ወተት ይጣላል፣ ቀጣዩ ከላይ ብናኝ እንዳይወድቅበት ጋደም በተደረገ ንጹሕ ጠርሙስ ውስጥ ይቀዳል። በሌላ ቀን በተወሰደ ሁለተኛ ናሙና ያው ሻጋታ በብዛትና ያለ ሌላ ቅልቅል ከወጣ፣ በወተቱ ውስጥም ነጭ ሴሎች ከበዙ፣ ጥርጣሬው እውነት ይሆናል። የነጭ ሴሎቹን ብዛት ለመገመት ኦስካር ሻልምና ባልደረባው ኖርላንደር በ1957 ያስተዋወቁት የካሊፎርኒያ ምርመራ ይበቃል፤ ወተቱ ከሳሙናማ ፈሳሹ ጋር ሲቀላቀል ይወፍራል። ይህ ምርመራ ግቱ መቆጣቱን ይናገራል፤ ማን እንዳስቆጣው ግን አይናገርም።

የማያወላውለው ማስረጃ ከሞተች ወይም ከታረደች በግ ግት የተቆረጠ ሥጋ ነው። ስስ ሆኖ ተቀርጾ በግሮኮት የብር ቀለም ሲነከር የሻጋታው ክሮች በአረንጓዴ መደብ ላይ ጥቁር ሆነው ይታያሉ፤ በየመካከላቸው ግድግዳ አላቸው፣ ወደ 45 ዲግሪ በሚሆን ማዕዘንም ሁለት ሁለት ሆነው ይከፈላሉ። ክሮቹ በሥጋው ውስጥ ሰርገው ሲታዩ ከአየር የወደቀ ነው የሚል ክርክር ያበቃል።

ሕክምናው ለምን ይከብዳል

በአስፐርጊለስ የታመመ የበግ ግትን የሚያድን አስተማማኝ ሕክምና የለም። ምክንያቱ ሁለት ነው። የመጀመሪያው ፈንገስ ለእንስሳ ከባክቴሪያ ይልቅ የቀረበ ዘመድ መሆኑ ነው፤ ሴሉ እንደ እንስሳ ሴል ኒውክሊየስ ስላለው ፈንገሱን ገድሎ በጓን የማይጎዳ መድኃኒት ማግኘት ያስቸግራል። ዋናው ልዩነት በሴል ሽፋናቸው ላይ ነው፤ እንስሳ ኮሌስትሮል ሲጠቀም ፈንገስ ኤርጎስቴሮል ይጠቀማል። አምፎቴሪሲን እና ኒስታቲን ኤርጎስቴሮሉ ላይ ተጣብቀው ሽፋኑን ይበሱታል፤ አዞል የተባሉት መድኃኒቶች ደግሞ ኤርጎስቴሮል እንዳይሠራ ያግዳሉ። አምፎቴሪሲን ኩላሊት ይጎዳል፤ አዞሎቹ ውድ ናቸው፤ ለሳምንታት መሰጠትም ይፈልጋሉ። የአንዲት በግ ዋጋ ይህን አይሸከምም። የአምፎቴሪሲንና የኒስታቲን ቤተሰብ አባል የሆነው ናታማይሲን በአውሮፓ አይብ ቅርፊት ላይ ሻጋታ እንዳይበቅል የሚቀባው ነው፤ በአይብ ላይ የሚሠራው ግን በግት ውስጥ ይሠራል ማለት አይደለም።

ሁለተኛው ምክንያት እባጩ ራሱ ነው። በጠባሳ የታጠረና የደም ሥሩ የተደፈነ ሥጋ ውስጥ በደም የሚመጣ መድኃኒት አይደርስም፤ በቦዩ በኩል የተጨመረውም ወደ መሐሉ አይሰርግም። መድኃኒቱ በብልቃጥ ውስጥ ሻጋታውን ቢገድልም ግት ውስጥ አያገኘውም።

ስለዚህ የሚደረገው ነገር ጥቂት ነው። አንቲባዮቲኩ ወዲያውኑ ይቆማል። በሽታው በካንዲዳ የመጣ ከሆነ ግቱ በቀን ደጋግሞ እየታለበ ይጠበቃል። በአስፐርጊለስ የታመመች በግ ግን ከመንጋው መውጣት አለባት፤ ከሳንባዋ የሚሰማ የትንፋሽ ችግር ካለ መዘግየቱ ሥቃይዋን ከማርዘም በቀር የሚሰጠው ነገር የለም። ወተቷ ለሰውም ለግልገልም አይሰጥም፤ ግልገሎቿ ወደ ሌላ እናት ወይም ወደ ጡጦ ይዛወራሉ። በሽታው ከበግ ወደ በግ በመነካካት አይተላለፍም፤ የተቀሩት በጎች አደጋ ላይ የሚወድቁት ያው ቱቦና ያው ጭድ ከደረሰባቸው ነው።

መከላከልና የሚቀረው ጥንቃቄ

ጭድና ድርቆሽ ዋነኛ የስፖር ምንጭ ስለሆኑ ሥራው የሚጀምረው ከማከማቻው ነው። ድርቆሽ ደርቆ መከመር አለበት፤ ከሥሩ እንጨት ወይም ድንጋይ ተደርጎ ከመሬት ይነሳ፤ ከላይም ዝናብ እንዳይገባው ይሸፈን። የሻገተ ጭድ ለጉዝጓዝ ይበቃል የሚለው ልማድ በተለይ ለታለበች ወይም ለነጠፈች በግ የተሳሳተ ነው፤ ጡቷ በቀጥታ የሚያርፈው በጉዝጓዙ ላይ ነውና። በማንጠፊያው ቀን ከአለባው በፊትም ሆነ በአለባው ሰዓት ጭድ መበተን የለበትም። የሻገተ ክምር የሚያነሳ ሰው አፍና አፍንጫውን በደንብ ይሸፍን፤ የዓለም ጤና ድርጅት በጥቅምት 2022 እ.ኤ.አ. ባወጣው የአደገኛ ፈንገሶች ዝርዝር አስፐርጊለስ ፉሚጋተስ፣ ክሪፕቶኮከስ ኒዮፎርማንስና ካንዲዳ አልቢካንስ በመጀመሪያው ረድፍ ላይ ተቀምጠዋል።

ቱቦ መጨመር ግድ ከሆነ ለእያንዳንዱ ጡት አዲስ ቱቦ፣ ለእያንዳንዱ ጡት አዲስ አልኮል ያለው ጥጥ ያስፈልጋል። ጡቱ ንጹሕ እስኪሆን ይጠረጋል፤ መጀመሪያ ከሠራተኛው የራቀው ይጸዳና የቀረበው ይከተላል፣ መድኃኒት ሲጨመር ግን ከቀረበው ይጀመራል፤ በዚህ አኳኋን የጸዳ ጡት በክንድ አይነካም። የቱቦው አፍ ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ይገባል። መድኃኒቱ ከገባ በኋላ የጡቱ ጫፍ በአዮዲን ይነከራል። በአንድ ቀን ሊሠራ የሚችለው የበግ ብዛት የሚወሰነው በዚህ ፍጥነት ነው፤ ሁለት መቶ በጎች በዚህ ጥንቃቄ ካልተዳረሱ ወደ ሁለት ቀን መክፈል ይሻላል።

ከዚህ የሚሻለው ደግሞ የማያስፈልገውን ቱቦ አለመጨመር ነው። በአውሮፓ ኅብረት ከጥር 28 ቀን 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራው የእንስሳት መድኃኒት ደንብ አንቲባዮቲክን ለመንጋው ሁሉ በዘልማድ ለመከላከያ መስጠትን ከልክሏል። ደንቡ የወጣው መድኃኒት የተለማመዱ ባክቴሪያዎችን ለመቀነስ ነው፤ ለበግ ግት ግን ሌላ ጥቅም አስከትሏል። ከመንጠፏ በፊት ወተቷ ተመርምሮ ነጭ ሴሏ ያልበዛ በግ ያለ መድኃኒት ትነጥፋለች፤ የኬራቲን ውታፏም ሳይነካ ይቆያል።

በኢትዮጵያ ደጋ ክፍል በግ በዋናነት ለሥጋ ስለሚረባ የማንጠፊያ አንቲባዮቲክ የተለመደ አይደለም። ከመካከለኛው ምሥራቅ የመጣው የወተት ዝርያ አዋሲ እንኳ በደብረ ብርሃን ከመንዝ በግ ጋር የተዳቀለው የግልገሎቹን ዕድገት ለማሻሻል ነበር። በጎችና ፍየሎች ለቤተሰብ ወተት በሚታለቡባቸው በአፋርና በሶማሌ ቆላዎችም ግት የሚታለበው በእጅ ነው። ስለዚህ የስፔኑ ዓይነት የመንጋ ወረርሽኝ በር ጠባብ ነው። ሆኖም በከተሞች ዙሪያ ባሉ የወተት ላም ቤቶች የጡት ቱቦ ከመድኃኒት መሸጫ ገዝቶ፣ ያለ ሐኪም ትእዛዝና ያለ አልኮል መጨመር እንግዳ ነገር አይደለም፤ የላሟ ቦይም ከበጓ ቦይ በዚህ ረገድ አይለይም። ሁለት ቱቦ ተጨምሮበት ያልተሻለ ግት ሲያጋጥም ሦስተኛውን መግዛት ቀርቶ፣ በጥንቃቄ የተቀዳ ወተት ወደ ክልሉ የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ ይላክ፤ ከናሙናው ጋር በሚሄደው ወረቀት ላይም «ፈንገስ ይታይልን» ተብሎ ይጻፍበት።